ፖኬሞንን ይዞ ሽርሽር መውጣት

ፖኬዎከር ከሩቅ ለሚያያት የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። ክብ ናት፤ ከላይ ቀይ፣ ከታች ነጭ። መሃሏ ላይ ጥቁርና ግራጫ ብቻ የምታሳይ ጠባብ ስክሪን፣ ከሥሩ ሦስት ቁልፎች፣ ከጀርባዋ ደግሞ ቀበቶ ላይ የሚሰካ መቆንጠጫ አላት። ሥራዋ እርምጃ መቁጠር ነው። ውስጧ ግን አንድ ፖኬሞን ይገባል፤ እርስዎ በተራመዱ ቁጥር እሱም ይራመዳል፣ ልምድ ያካብታል፣ መንገድ ላይ ሌሎች ፖኬሞኖችን ይይዛል፣ የወደቀ ዕቃ ይለቅማል። ቤት ሲገቡ ያመጣውን ሁሉ ወደ ትልቁ ጌም ያስገቡታል።

ትልቁ ጌም «ፖኬሞን ሃርትጎልድ» ወይም «ፖኬሞን ሶልሲልቨር» ነው። ጌም ፍሪክ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጡትን «ጎልድ» እና «ሲልቨር» ለኒንቴንዶ ዲኤስ አድሶ የሠራቸው ናቸው። ጃፓን ውስጥ በሴፕቴምበር 2009፣ አሜሪካና አውሮፓ በማርች 2010 ለገበያ ቀረቡ። ፖኬዎከርም ከእያንዳንዱ ጌም ጋር በአንድ ሣጥን ትሸጥ ነበር።

ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣውን ታማጎቺ የሚያስታውሱ ሰዎች እዚህ ጋ ሊፈሩ ይችላሉ። ያ እንስሳ ካልመገቡት ይራባል፣ ካላጸዱለት ይታመማል፣ ችላ ካሉት ይሞታል። ፖኬዎከር ውስጥ ያለው አይራብም፣ አይታመምም፣ አይሞትም። ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ቢረሱት ያው እንደተዉት ያገኙታል። ልጅዎ ከትምህርት ቤት «ሞተብኝ» ብሎ እያለቀሰ የሚመለስበት ጉዳይ የለም። የሚጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እግር።

ከመግዛትዎ በፊት

መሣሪያዋም ሁለቱ ጌሞችም ዛሬ አዲስ አይመረቱም። ከቤት መሳቢያ ካልተገኙ የሚገዙት ያገለገለ ነው። ታዲያ ሲገዙ ከመሣሪያዋ በፊት የጌሙን ካርድ ይዩ። ኒንቴንዶ ዲኤስ ራሱ ኢንፍራሬድ የለውም፤ ከፖኬዎከር ጋር የሚነጋገረው ክፍል የተቀመጠው ካርዱ ውስጥ ነው። ለዚህ ሲባል የትክክለኛው ካርድ ፕላስቲክ እንደሌሎቹ የዲኤስ ካርዶች ድፍን ግራጫ አይደለም፤ ጥቁር ሆኖ መብራት ላይ ሲያነሡት ብርሃን በስሱ የሚያሳልፍ ነው። ግራጫ ካርድ ከቀረበልዎ ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን ይወቁ። ጌሙ ሊከፈትና ሊጫወቱት ይችሉ ይሆናል፤ ከፖኬዎከር ጋር ግን አይገናኝልዎትም። ሻጩ «ይሠራል» ሲልዎ ጌሙ ስለመከፈቱ እያወራ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን አገናኝቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁት።

ኢንፍራሬዱ ካርዱ ላይ መሆኑ አንድ ጥቅም አለው። ዲኤስ ላይት ይሁን ዲኤስአይ ወይም 3ዲኤስ፣ ካርዱን የሚቀበል ማጫወቻ ሁሉ ያገለግላል።

ድንጋይዋ አንድ ሲአር 2032 ናት፤ የኮምፒውተር ማዘርቦርድ ላይ የምትገባዋ፣ በብዙ የመኪና ቁልፍ ሪሞት ውስጥም ያለችው ክብ ጠፍጣፋ ባትሪ። ሰዓት ሠሪ ጋ ወይም ኮምፒውተር ጥገና ቤት አትጠፋም። የባትሪው ክዳን በብሎን የታሰረ ስለሆነ ቀጭን ካቻቪቴ ያስፈልጋል። በወፍራም ካቻቪቴ ከታገሉት የብሎኑ ራስ ይላጥና ጉዳዩ ሌላ ሥራ ይሆናል።

ማገናኘት

መጀመሪያ ጌሙ ውስጥ አንድ ዝግጅት አለ። ሽርሽር የሚወጣው ፖኬሞን ከጎንዎ ከሚዋጉት ስድስቱ መካከል አይመረጥም። በኮምፒውተሩ ሣጥን ውስጥ መቀመጥ አለበት። ወደ ማንኛውም ፖኬሞን ሴንተር ይግቡ፣ ኮምፒውተሩን ይክፈቱ፣ የፈለጉትን ፖኬሞን ሣጥን ውስጥ ያስቀምጡ፣ ጌሙን ሴቭ ያድርጉ። ሣጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ መኖሩንም እግረ መንገድዎን ይመልከቱ፤ ሲመለሱ የያዟቸው የሚገቡት እዚያው ነው።

ከዚያ ጌሙን አጥፍተው ያብሩት። «ኮንቲኒው» የሚለውን አይጫኑ፤ ከሥሩ «ኮኔክት ቱ ፖኬዎከር» የሚል አማራጭ አለ። ካልታየዎ ታሪኩን ገና አልጀመሩትም ማለት ነውና ጥቂት ገፋ አድርገው ይመለሱ። አማራጩን ሲከፍቱ ጌሙ ፖኬሞኑንና የሚሄድበትን መንገድ ያስመርጥዎታል። በዚያኛው እጅዎ ፖኬዎከርን ያብሩ፣ ከዝርዝሩ ውስጥ «ኮኔክት» የሚለው ላይ ይድረሱ፣ አናቷን ካርዱ ወደተሰካበት የዲኤሱ ጀርባ አዙረው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ አራርቀው ይያዟት፣ መሃለኛውን ቁልፍ ይጫኑ። መረጃው እስኪያልፍ እጅዎን አያንቀሳቅሱ። ደጅ ፀሐይ ላይ ቆመው ከሆነና እምቢ ካለ ጥላ ውስጥ ይግቡ፤ ቀጥተኛ የፀሐይ ብርሃን ኢንፍራሬድን ያውካል።

ያገለገለች መሣሪያ ከሆነች በቀድሞው ባለቤት ጌም ላይ ተመዝግባ ሊሆን ይችላል። ሰውየው አጠገብዎ እያለ ይሄን ማስተካከል ይቀላል፤ ውስጧ ያለውን ፖኬሞን ወደ ራሱ ጌም እንዲመልስ ያድርጉ።

ማንን ይዘው ይወጣሉ?

ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚወደውን ወይም ደካማውን ይመርጣል። የሚወዱትን መምረጥ ምንም ክፋት የለውም። ደካማውን «ይጠንክርልኝ» ብሎ ረጅም መንገድ መውሰድ ግን ኪሳራ ነው፤ ስሌቱን እንመልከት።

አንድ እርምጃ ለፖኬሞኑ አንድ የልምድ ነጥብ ይሰጠዋል። ችግሩ፣ በአንድ ሽርሽር ከአንድ ደረጃ በላይ አያድግም። ቢፈልጉ መቶ ሺህ እርምጃ ይራመዱ፣ አንድ ደረጃ ጨምሮ ይቆማል። ከደረጃ ወደ ደረጃ የሚያስፈልገው ነጥብ ደግሞ እኩል አይደለም። ፒካቹን ጨምሮ ብዙዎቹ የሚገኙበት የዕድገት ምድብ ውስጥ፣ አንድ ደረጃ ላይ ለመድረስ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ነጥብ የደረጃው ቁጥር በራሱ ሦስት ጊዜ ሲባዛ ነው። ደረጃ 5 ማለት 125፣ ደረጃ 6 ማለት 216። ስለዚህ ከ5 ወደ 6 ለመውጣት 91 እርምጃ ይበቃል፤ ከቤትዎ ሱቅ ደርሰው ሳይመለሱ ሥራው አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚራመዱት ለፖኬሞኑ ልምድ ምንም አይጨምርለትም። ደረጃ 50 ያለው ግን 51 ለመግባት 7,651 እርምጃ ይፈልጋል። 99 ያለው 100 ለመድረስ 29,701።

ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በእግርዎ የሚዞሩ ከሆነ ትልቁን ይዘው ይውጡ። በትልልቆቹ ደረጃዎች ላይ አንድ ደረጃ ለመጨመር ጌሙ ውስጥ ስንትና ስንት ውጊያ ይፈጃል፤ እዚህ ግን ሥራ ቦታ ደርሶ መመለስ ነው። ትንንሾቹን ለአጭር መንገድ ያስቀምጧቸው፣ ቶሎ ቶሎም እየመለሱ ያቀያይሯቸው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለው ተረት በዚህ ጌም ውስጥ ቃል በቃል እውነት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ የፖኬሞን እንቁላል የሚፈለፈለው ይዘውት ሲራመዱ ነው። ነገር ግን መራመዱ ጌሙ ውስጥ መሆን አለበት፤ ፖኬዎከር እንቁላል አትቀበልም።

ዋት፦ የሽርሽሩ ገንዘብ

መሣሪያዋን ቀበቶዎ ላይ ይሰኩ ወይም ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ። ቦርሳ ላይ አንጠልጥለው ወዲያ ወዲህ እንድትወዛወዝ ካደረጓት ቆጠራዋ አይታመንም። ቁልፍ ሳይነኩ ከቆዩ ስክሪኗ ይጠፋል፤ መቁጠሯን አታቆምም።

በየ20 እርምጃው 1 ዋት ያገኛሉ። ዋት በሁለት መንገድ ይወጣል። አንደኛው እዚያው መንገድ ላይ ማጥፋት ነው፤ ፖኬሞን ለመፈለግ 10 ዋት፣ ዕቃ ለመፈለግ 3 ዋት። ሁለተኛው ሳይነኩት ወደ ጌሙ ማስገባት ነው፤ እዚያ የተጠራቀመው ዋት አዳዲስ መንገዶችን ይከፍታል። መንገድ ላይ ያጠፉት ወደ ጌሙ አይገባም። ጨዋታው በሙሉ ያለው በዚህ ምርጫ ውስጥ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ሌላው ሁሉ ቁልፍ መጫን ነው።

ሲጀምሩ ሁለት መንገዶች ክፍት ናቸው፤ «ሪፍሬሺንግ ፊልድ» የሚባል ሜዳና «ኖይዚ ፎረስት» የሚባል ጫካ። 50 ዋት ሲያስገቡ «ረጊድ ሮድ» የሚባለው ኮረኮንች መንገድ ይከፈታል፤ 1,000 እርምጃ ማለት ነው። በ200 ዋት «ቢውቲፉል ቢች» የተባለው የባሕር ዳርቻ፣ በ500 ዋት «ሰበርባን ኤሪያ» የተባለው የከተማ ዳር ሰፈር ይከተላሉ። የመጨረሻው በእርምጃ ሲመነዘር 10,000 ነው። ዋቱ በአንድ ቀን መሞላት የለበትም፤ ያስገቡት ሁሉ ይደመራል። ከዚያ በላይ ያሉት እየከበዱ ይሄዳሉ።

በኢንተርኔት ብቻ የታደሉ ልዩ መንገዶችም ነበሩ። «የሎው ፎረስት» ከነዚህ አንዱ ነው፤ በውኃ ላይ መንሳፈፍና መብረር የሚችሉ ፒካቹዎች የሚገኙበት ጫካ። ኒንቴንዶ የዲኤስን የኢንተርኔት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በሜይ 2014 ስለዘጋው በዚያ በር መግባት ቀርቷል። አንድ ሰው «የሎው ፎረስት ያለው» ብሎ በውድ ዋጋ ጌም ሊሸጥልዎ ከመጣ ጌሙን ከፍተው በዓይንዎ ይዩ።

ፖኬሞን ማደን

ለምሳሌ የመጀመሪያውን ሜዳ እንውሰድ። እያንዳንዱ መንገድ ስድስት ዓይነት ፖኬሞን አለው፤ በአንድ ሽርሽር የሚወጡት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው። ስድስቱ በሦስት ጥንድ ይከፈላሉ፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ለዚያ ሽርሽር ይመደባል። በሜዳው ላይ የመጀመሪያው ጥንድ ፒጂና ሴንትሬት ናቸው፤ ገና ከቤት ሳይወጡ እንኳ ይገኛሉ። ሁለተኛው ጥንድ ሴቷና ወንዱ ኒዶራን ናቸው፤ ቢያንስ 500 እርምጃ ሳይራመዱ ብቅ አይሉም። ሦስተኛው ጥንድ ዶዱኦና ካንጋስካን ናቸው፤ 3,000 እርምጃ ይጠይቃሉ።

ካንጋስካን ልጇን በከረጢቷ ይዛ የምትሄድ ጠንካራ ፖኬሞን ናት። እዚህ የምትገኘው ደረጃ 8 ሆና ነው፤ በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ አቅም በቀላሉ አይገኝም። ታዲያ አብዛኛው ጀማሪ ምን ያደርጋል? 200 እርምጃ ተራምዶ 10 ዋት እንዳገኘ ወዲያው ያጠፋዋል፣ ፒጂ ይይዛል። እንደገና 200፣ እንደገና ፒጂ። ፒጂ ጌሙ ውስጥ በየቁጥቋጦው ሞልቷል።

እንዲህ ያድርጉ። እስከ 3,000 እርምጃ ድረስ አንዲትም ዋት አያጥፉ። አዲስ አበባ ላይ ከሆኑ ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ደርሶ መመለስ ያህል ነው፤ በታክሲ ከሄዱ አይቆጠርም። ያኔ 150 ዋት ይኖርዎታል፣ አሥራ አምስት ጊዜ ለማደን ይበቃል። አሁን «ፖኬ ራዳር» የሚለውን ይክፈቱ። ካንጋስካን ከወጣች መልካም። ዶዱኦ ከወጣ ግን በዚያ ሽርሽር ካንጋስካን እንደማትመጣ ይወቁት፤ ቦታውን እሱ ይዞታል። ዋትዎን አያቃጥሉ፤ የቀረውን ወደ ጌሙ አስገብተው ሌላ ሽርሽር ይጀምሩ። እርምጃው ከዜሮ እንደሚነሳ ግን አይርሱ።

ራዳሩ ሲከፈት አራት ቁጥቋጦዎች ይታያሉ። በአንዱ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ብልጭ ይላል፤ በግራና በቀኝ ቁልፍ እዚያ ደርሰው ከመጥፋቱ በፊት መሃለኛውን ይጫኑ። አንዳንዴ ወዲያው ሌላ ቁጥቋጦ ላይ ሁለት ቃለ አጋኖ ሆኖ ይመጣል፣ ጊዜውም ያጥራል። ይከተሉት፤ ብርቅ የሆነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ካመለጠዎ 10 ዋቱ ሄደ። ስለዚህ አስፋልት እያቋረጡ ራዳር አይክፈቱ፤ ለዋቱም ለእርስዎም አይበጅም።

ፖኬሞኑ ሲወጣ ውጊያ ይጀመራል፤ ውጊያው ከትልቁ ጌም በጣም ያጠረ ነው። ግራው ቁልፍ ማጥቃት፣ ቀኙ መሸሽ፣ መሃለኛው ኳስ መወርወር ነው። ሁለቱም ፖኬሞኖች አራት አራት የጉልበት ነጥብ አላቸው። ያኛው ሲያጠቃ እርስዎ ከሸሹ የእርስዎው መልሶ ይመታል፤ ሳይጎዱ የሚያሸንፉበት መንገድ ይህ ነው። ጉልበቱ ሳይቀንስ ኳስ ቢወረውሩ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። እስከ ዜሮ ቢመቱት ደግሞ ያጡታል። አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ሲቀረው ይወርውሩ። አንዳንዱ በመሃል ጥሎዎት ይሮጣል፤ የሚደረግ ነገር የለም።

መያዝ የሚቻለው ሦስት ብቻ ነው። አራተኛ ሲይዙ ከቀድሞዎቹ አንዱን መልቀቅ ስለሚኖርብዎ ቦታውን በፒጂ አይሙሉት።

ዕቃ ፍለጋ

«ዳውዚንግ» የሚለው በ3 ዋት የሚከፈት የዕድል ጨዋታ ነው። ስድስት የሣር ጉብታዎች ይደረደራሉ፣ ከአንዱ ሥር ዕቃ ተደብቋል፣ ሁለት ጊዜ መሞከር ይቻላል። የመጀመሪያው ካልሆነ ቅርብ ነው ወይም ሩቅ ነው ብሎ ይነግርዎታል። ከዳር ሁለተኛውን ከመረጡና «ቅርብ» ካለዎ የቀሩት አማራጮች ጥቂት ናቸው። ዕቃም ሦስት ብቻ ነው የሚያዘው። እንደ አደኑ ሁሉ ረዘም ያለ መንገድ የተሻለ ዕቃ ያመጣል። በግሌ ከአደን የተረፈ ዋት ሲኖር ብቻ እከፍተዋለሁ።

መመለስ

ወደ ጌሙ ለመመለስ እንደመጀመሪያው ያገናኟታል። ፖኬሞኑ ወደ ሣጥኑ ይገባል፣ የያዛቸው ይከተሉታል፣ ዕቃው ወደ ጌሙ ቦርሳ ያልፋል፣ ዋቱ ይደመራል። በየቀኑ መመለስ ግዴታ አይደለም። ደረጃው አንድ ብቻ መጨመሩን ካስታወሱ ግን ፖኬሞኑ እንደሞላለት መልሶ ሌላ ማውጣት ያዋጣል። የመሣሪያዋ ባለቤት ካርድ ላይ ያለፉት ሰባት ቀናት እርምጃ ተመዝግቦ ይገኛል። ሐኪም ተራመድ ያለው ዘመድ ካለዎ ለእሱም ማስረጃ ትሆናለች።

መሣሪያዋን በእጅ እየነቀነቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው «የሚራመዱ» ሰዎች አሉ። ለአንድ ዋት አሥር እርምጃ ሲጎድል እኔም አልጠላውም። 3,000 ጊዜ መነቅነቅ ግን ከመራመድ የከፋ ድካም ነው፣ የእጅ አንጓም ይቀጣል።

ፖኬዎከር ያለው ጓደኛ ካገኙ ሁለቱን መሣሪያዎች ፊት ለፊት አድርገው «ኮኔክት» ይበሉ። ስጦታ ይለዋወጣሉ። የጓደኛዎ ቡድንም ተመዝግቦ ጌምዎ ውስጥ ይገባል፤ ቪሪዲያን ከተማ «ትሬነር ሃውስ» የሚባል ቤት አለ፣ እዚያ ሄደው ጓደኛዎ በሌለበት ከቡድኑ ጋር መጋጠም ይችላሉ። ቪሪዲያን የምትገኘው ካንቶ በሚባለው ሁለተኛ ክፍለ አገር ስለሆነ ጀማሪ ወዲያው አይደርስባትም፤ መረጃው ግን እስኪደርሱ ይቆይዎታል።

ድንጋይ ሲደክም ስክሪኑ እየፈዘዘ ይሄዳል። የስክሪኑ ድምቀት በመሣሪያዋ መስተካከያ ካልጎላ ባትሪ ለመቀየር አይጠብቁ። ከመቀየርዎ በፊት ፖኬሞኑን ወደ ጌሙ ይመልሱ፤ ያለዚያ ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። ልብስ ሊታጠብ ሲል ኪስ መፈተሽም የዚሁ ጥንቃቄ አካል ነው። ጌሙን እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ለመጫወት የድሮውን ሴቭ ሊያጠፉ ከሆነም መጀመሪያ ሽርሽር ላይ ያለውን ያስገቡት። ለረጅም ጊዜ የማይጠቀሙባት ከሆነ ባትሪውን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጡ፤ ውስጧ ከርሞ የፈሰሰ ባትሪ መያዣውን ብረት ይበላዋል፣ ያን ጊዜ አዲስ ድንጋይ ቢገባባትም አትነሳም።